ለሐረጎ ዳገትና ቁልቁለት ምን ልልበስ?

ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለው ዳገት ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በብስክሌት እወርዳለሁ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ላይ እየነዳሁ እመለሳለሁ። ለክረምቱ ወፍራም የጎማ ካፖርት ገዛሁ፤ ከሥሩ ካናቴራ፣ ሁለት ሹራብና ጂንስ ነው የምለብሰው። ቤት ስገባ ግን ካናቴራዬ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ካፖርቱ የሚያፈስ መሰለኝ። ጠዋት ስወርድ ደግሞ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬን መያዝ ያቅተኛል። ጓደኛዬ ውሃ የማያስገባና ላብ የሚያስወጣ የሚባል የውጭ ጃኬት አግኝቶልኛል፣ ዋጋው ግን የወር ደሞዜን ሊጨርስ ነው። ልግዛው? እናቴም ነፋሱ ደረትህን እየመታው የሳንባ ምች ይይዝሃል እያለች ትጨነቃለች።»

አትግዛው። ምክንያቱን ላስረዳህ፤ እሱን ካወቅህ ነገ ሌላ ጃኬት ሲያመጡልህም ራስህ ትፈርዳለህ።

በመጀመሪያ ካፖርትህ የሚያፈስ አይመስለኝም። ዛሬ ማታ ሞክረው። የአንዱን እጅጌ ጫፍ በገመድ ጠበቅ አድርገህ እሰር፣ በትከሻው በኩል አንድ ሊትር ውሃ ጨምርበትና ሳፋ ላይ አንጠልጥለው። ሻይህን ጠጥተህ ስትመለስ ሳፋው ደረቅ ከሆነ ጎማው ደህና ነው። ከተንጠባጠበም አብዛኛውን ጊዜ የሚንጠባጠበው ከስፌቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በማስቲሽ ይደፈናል። ታዲያ ካናቴራህን ያራሰው ውሃ ከየት መጣ? ከራስህ ነው። ላብ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ስለዚህ ማታ ማታ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ። አንተ፣ ብስክሌትህና ዕቃህ ተደምራችሁ 85 ኪሎ ትሆናላችሁ እንበል። ይህን ክብደት 600 ሜትር ከፍ ማድረግ 500 ኪሎ ጁል ገደማ ሥራ ነው። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳል ላይ የሚያደርሰው ቢበዛ ሩቡን ነው፤ የቀረው ሦስት እጅ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ማለትም ዳገቱን ስትጨርስ ሰውነትህ 1,500 ኪሎ ጁል ሙቀት ማስወገድ አለበት። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል አካባቢ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ቢሳካ እንኳ ከግማሽ ሊትር በላይ ላብ ከቆዳህ ላይ መትነን ይኖርበታል። በጎማ ውስጥ ግን መትነኛ የለውም። ላቡ ስላልተነነ አያቀዘቅዝህም፣ ስላላቀዘቀዘህ ሰውነትህ ጭራሽ ሌላ ላብ ይጨምራል። ቤት ስትገባ ካናቴራህ የሚጨመቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ውዱ ጃኬት እንምጣ። ውሸት ነው አልልህም፣ ይሠራል። በጨርቁ ውስጥ አንድ ስስ ሽፋን አለው፤ ቀዳዳዎቹ የዝናብ ጠብታ የማያሳልፉ፣ እንፋሎትን ግን የሚያሳልፉ ናቸው። ጎርቴክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ ሲወጣ ያመጣው ነገር ይሄው ነበር። ጥያቄው ምን ያህል ያሳልፋል ነው። መለያው ላይ 10,000 የሚል ሁለት ቁጥር ታያለህ። የመጀመሪያው የውሃውን ግፊት ነው የሚናገረው፦ ጨርቁ የ10 ሜትር ውሃ ቁመት ይቋቋማል፣ ለብስክሌት ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛው አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት 10,000 ግራም እንፋሎት ያሳልፋል ማለት ነው። ለሰዓት ስታካፍለው 400 ግራም ገደማ ይመጣል፤ እሱም በላቦራቶሪ ነው። ጠንክሮ ዳገት የሚወጣ ሰው ደግሞ በሰዓት አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል። በዚያ ላይ እንፋሎቱ የሚወጣው ውጭው ከውስጡ ሲደርቅ ነው። ሐምሌ ላይ ሐረጎ ጭጋግ ለብሶ፣ አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ፣ ላብህ ወዴት ይሂድ? የጃኬቱ የላይኛው ጨርቅ ከራሰ ደግሞ የሚያሳልፈው በጣም ይቀንሳል። እንግዲህ የወር ደሞዝህን ከፍለህ ከጎማው ትንሽ የተሻለ፣ ዳገት ላይ ግን ያው የሚያርስህ ልብስ ነው የምታገኘው። ለሜዳ መንገድና ለቀስታ አነዳድ ቢሆን ሌላ ነገር እልህ ነበር።

አንድ ሐቅ ተቀበልና ሁሉም ይቀልሃል፦ ዳገት ላይ ደርቀህ አትወጣም። ማንም አይወጣም። ዳገት ላይ የምትፈልገው እየረጠብህም መሞቅ ነው፣ እሱ ደግሞ አይከብድም፤ ሞተሩ አንተ ነህ፣ እየሠራህ ነው። ደረቅ ልብስ የግድ የሚሆነው እግርህ ሥራ ሲያቆም ነው። ቁልቁል ስትወርድ፣ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ስትቆም፣ ወይም ዳገቱን ጨርሰህ ቀስ እያልህ ወደ ቤት ስትገባ። አንድ ልብስ ለሁለቱም እንዲሆንህ መፈለግህ ነው ያስቸገረህ።

ቁልቁለቱ የተለየ ዓለም ነው። ጠዋት ደሴ ላይ 10 ዲግሪ ነው እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትወርድ ለደረቀ ቆዳ እንኳ 6 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። ልብስህ ከራሰ ይብሳል፣ ምክንያቱም ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይወስዳል። እግርህም አይሠራም፣ ሙቀት አታመነጭም። ደግነቱ በወረድህ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ 600 ሜትር ወደ ታች ማለት 4 ዲግሪ ገደማ ጭማሪ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ችግርህ የመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ነው።

የጎማ ካፖርትህ ቦታ እዚህ ነው። ቁልቁል ስትወርድ አታልብም፣ ጎማው ነፋሱንም ዝናቡንም ይዘጋልሃል። ጠዋት ልበሰው። ማታ አጣጥፈህ ኋላ እሰረው፣ ዳገቱ እስኪያልቅም አትንካው። የተገዛው ገንዘብ አልባከነም፣ አብሽር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድና ሰፊ ከሆነ አደገኛ ነው፤ ጫፉ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ከያዘው ቁልቁለት ላይ ይጥልሃል፣ ከጎን የሚመጣ ነፋስም እንደ ሸራ ይነፋዋል። ከጉልበትህ በላይ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደህ አስቆርጠው፣ ወገቡ ላይም ቀበቶ ይኑረው።

ከሥሩ ያሉት ሁለት ሹራቦችና ጂንሱ ግን ይቅሩ። ብዙ ሰው ወፍራም ልብስ ይበልጥ ያሞቃል ብሎ ያስባል። የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል የተያዘው አየር ነው። ጥጥ ሲርስ ያ አየር ይወጣና ውሃ ይገባበታል፣ ክሩም ውሃውን ጠጥቶ ሰውነትህ ላይ ይለጠፋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጋቢ ዝናብ ሲመታው ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለህ። ካናቴራህ ጥጥ ነው፣ ጂንስህም ወፍራም ጥጥ ነው። ሱፍ ከዚህ ይለያል። ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ቆዳህ ላይ ርጥብ አይሰማም፣ ርሶም አየር ይይዛል። የወሎ ደጋ እረኛ በክረምት የበግ ፀጉር ባና ደርቦ ሜዳ ላይ የሚውለው ሌላ አጥቶ አይደለም። ፖሊስተር ደግሞ ክሩ ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ይረጥባል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ጠረን ይይዛል፣ በየቀኑ መታጠብ አለበት፣ ያ ነው ጉዳቱ።

ስለዚህ ቆዳህን የሚነካው ልብስ ስስ ሱፍ ወይም ስስ ፖሊስተር ይሁን፣ ልክክ ያለም ይሁን። የኳስ ተጫዋች ማሊያ እንኳ ከጥጥ ካናቴራ በብዙ ይሻላል። ይህን ለመግዛት ሱቅ አትሂድ፣ ሰልባጅ ተራ ሂድ። ከቦንዳው ውስጥ ጥሩ የሱፍ ሹራብ በቅናሽ ይገኛል፣ ሻጩ ምንነቱን የማያውቅበት ጊዜም ብዙ ነው። ግን «ሱፍ ነው» የተባለው ሁሉ ሱፍ አይደለም፤ ብዙው አክሪሊክ ነው። መለያው ተቀዶ ከሆነ ሻጩን አስፈቅድና ከውስጥ ስፌቱ ላይ አንዲት ክር መዝዘህ ክብሪት አስነካት። ሱፍ ከሆነ በግድ ነው የሚቃጠለው፣ እሳቱን ስታርቀው ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲጨፈለቅ ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፣ ሲቀዘቅዙም ጠንካራ ፍሬ ሆነው ይቀራሉ፤ ገና ትኩስ እያለ እንዳትነካው፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ጥጥ ከሆነ መልሰው።

ሁለተኛው የሚያስፈልግህ ስስ የንፋስ ጃኬት ነው። ውሃ የማያስገባ መሆን የለበትም። ከውስጡ ገበር የሌለው፣ ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ፣ ፊት ለፊቱ ዚፕ ያለው ናይለን። የምትመርጠውም በአፍህ ነው። ጨርቁን ከንፈርህ ላይ ልጥፍ አድርገህ ንፋበት። ምንም ካላለፈ እንደ ጎማው ካፖርት ያልብሃል። ትንፋሽህ እንደ ልቡ ካለፈ ነፋሱም እንደዚያው ያልፋል። በግድ፣ ጥቂት ብቻ የሚያሳልፈውን ውሰድ። ዳገት ላይ ዚፑን እስከ ሆድህ ከፍተህ ትነዳለህ፣ ዝናብ ሲመጣ ትረጥባለህ፣ ግን ነፋሱ ስለማያገኝህ ከሰውነትህ ጋር የሚሞቅ እርጥበት ይሆናል። የእጅጌው ጫፍ ላስቲክ ይኑረው፣ ጀርባውም ረዘም ይበል፤ ጎንበስ ብለህ ስትነዳ ወገብህ መገለጥ የለበትም።

ጠዋት በጣም ከበረደህ የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ አለ፣ እስካሁንም ይሠራል፦ ጋዜጣ አጥፈህ ከጃኬቱ ሥር ደረትህ ላይ አድርግ። ኮምቦልቻ ስትደርስ ታወጣዋለህ።

ጣቶችህን ቀላል አድርገህ አትይ። ከጻፍከው ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። በዚያ መንገድ ላይ ተሳቢው፣ ሲኖው፣ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚመላለሰው ሁሉ አብሮህ ነው የሚወርደው፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ፍሬን የጨበጠ ይመስለዋል እንጂ አልጨበጠም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ስስ የሱፍ ጓንት ከሥር፣ ከላይ ደግሞ ሴቶች ዕቃ የሚያጥቡበት የጎማ ጓንት፣ በቁጥር አንድ ከፍ ያለ። ከጠበበህ ደም መመላለሻ ያጣና ይብስብሃል። የጎማውን አፍ ከጃኬቱ እጅጌ ሥር አስገባው፣ አለዚያ ውሃው በክንድህ ወርዶ ይሞላዋል። ይህን አድርገህም ጣትህ ከደነዘዘ ቁም፣ እጅህን ብብትህ ውስጥ አስገባ፣ እስኪመለስልህ ጠብቅ። እሳት ላይ አታስጠጋው፣ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። ስትወርድ ደግሞ ቸርኬው ላይ የሚይዘው ፍሬን በዝናብ ወዲያው እንደማይዝ አስታውስ። ኩርባው ሳይደርስ ቀደም ብለህ በስሱ እየነካካህ ውሃውን ጥረገው።

እግርህ ጋ ብዙ አልቆይም። በጂንሱ ፋንታ ስስ ቱታ ልበስ፣ ቀኝ እግሩን ካቴናው እንዳይዘው በላስቲክ እሰረው። ጉልበትህ በብርድ ጠዋት ተሸፍኖ ይዋል። ካልሲህ ሱፍ ይሁን፣ ለጠዋቱ ቁልቁለት በካልሲና በጫማ መሀል ፌስታል ብታስገባ ጣቶችህ ይተርፋሉ። ቦቲ ጫማ ግን አትልበስ፣ ከላይ የገባበት ውሃ መውጫ የለውም፣ ፔዳል ላይም ያንሸራትታል።

ከልብስ ውጭ ቢሆንም ሳልለው የማላልፈው ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ የሚታሰረው የጭቃ መከላከያ ነው። ብስክሌትህ የለውም ብዬ እገምታለሁ፣ አሁን የሚመጡት ብዙዎቹ የላቸውም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ የኋላ ጎማህ ከአስፋልቱ ውሃና ጭቃ እየቀዳ ወገብህና ቂጥህ ላይ ይረጫል፣ የፊተኛው ጫማህን ይሞላዋል። የአሮጌ ጀሪካን ጎን በቁመቱ ቆርጠህ በሽቦ እሰርለት። ጫፉን አለስልሰው፣ ከጎማው ጋርም በደንብ ይራራቅ፣ እንዳይነካካ። ከዚህ በርካሽ የሚያደርቅህ ነገር አላውቅም።

ቀለም ላይ አትደራደር። ጭጋግ ውስጥ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ለሾፌር የለም ማለት ነው። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ቢጫ አንጸባራቂ ሰደሪያ ከሁሉም ልብስ በላይ፣ ቦርሳ ካዘልህም ከቦርሳው በላይ ልበሰው። የኋላ መብራትህ ቀንም ይብራ። ጭጋጉ ከፊትህ ያለውን ኩርባ ከሸፈነው ደግሞ ልብስ አያድንህም፣ ውረድና ጠብቅ።

እናትህን አረጋጋት። የሳንባ ምች የሚመጣው በተሕዋሲያን ነው፣ ነፋስ ደረትን ስለመታ ብቻ አይመጣም። አስም ካለብህ ግን ቀዝቃዛ አየር ሊቀሰቅስብህ ይችላል፣ በሻርፕ አፍና አፍንጫህን ሸፈን አድርግ። ሳል ከትኩሳትና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ሐኪም ቤት ሂድ። እኔ ከምች ይልቅ የምፈራልህ ርሰህ ቆመህ ሰውነትህ እንዳይቀዘቅዝ ነው። ምልክቱ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ነው፣ ቀጥሎ ዚፕ መዝጋት እንኳ ያቅትሃል፣ ንግግርህ ይጎተታል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቅህ ከቆመ ተሻለኝ እንዳትል፣ ያን ጊዜ ነው አደጋው። እንዲህ ከሆነ ቅርብ ያለ ቤት ግባ፣ የረጠበውን አውልቅ፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ተጠቅለል፣ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ጠጣ፣ ሰው ወደ ሕክምና እንዲያደርስህም ጠይቅ። አረቄ ያሞቃል የሚልህን አትስማ፤ የቆዳህን የደም ሥር ከፍቶ የቀረህን ሙቀት ያስወጣዋል።

ስለዚህ የማታ ጉዞህ እንዲህ ይሁን። ከኮምቦልቻ ስትነሳ ትንሽ ብርድ ቢጤ እየተሰማህ ተነሳ፣ ስትነሳ ከሞቀህ ዳገቱ ሳይጋመስ ትታጠባለህ። ስስ ሱፍ፣ ከላይ የንፋስ ጃኬት፣ በቃ። ሌላ ደረቅ ሹራብና ካልሲ በፌስታል ጠቅልለህ፣ አፉን ቋጥረህ ያዝ። ዳገቱ እንዳለቀ፣ ላብህ ሳይቀዘቅዝ፣ የሆነ በረንዳ ሥር ቁምና የረጠበውን አውልቀህ ደረቁን ልበስ፣ ካፖርቱን ደርብበት። «ቤት ልደርስ ነው» ብለህ ይህን እንዳትዘለው፣ ብርድ የሚመታህ እዚያችው ላይ ነው። መብረቅ ወይም በረዶ ከመጣ ደግሞ ክርክር የለም፣ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጭነህ ግባ። ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጠቆረ ገና ከኮምቦልቻ ሳትነሳ ብትወስን ይሻላል፤ ግማሽ ዳገት ላይ መኪና መለመን ከባድ ነው።

የምትገዛበት ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ሁለቱን ጓንቶች፣ ነገውኑ። ከዚያ ሰደሪያውን፣ ከዚያ ሁለት ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ሹራብ፣ አንዱ ለመልበስ አንዱ ለመቀየር። የንፋስ ጃኬቱ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ፓራፋንጎውን እሁድ ራስህ ሥራው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ጓደኛህ ካመጣው ጃኬት ዋጋ ብዙ ያንሳል፤ የተረፈውን ለአዲስ የፍሬን ላስቲክ አውለው፣ በዝናብና በዚያ ቁልቁለት የድሮው ቶሎ ነው የሚያልቀው።